ላሊበላ፦ «ደርሶ መልስ» ሳይሆን «አድሮ መልስ»

እናቴ ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ ጥላ ከዓመት በላይ ቆሞ ነበር። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተሰፋበት፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ዓይነት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። እናቴም «የላሊበላው ጊዮርጊስ ነው፤ የእኔ አይደለም» ብላ ቡናዋን ትቀዳለች። ጥላው ላሊበላ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ባለቤቱ ደጅ ደርሶ፣ የተመለሰ ጥላ ነው። የመለስኩት እኔ ነኝ። እናንተም ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ላሊበላ ለመሄድ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ታሪኩን ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

ትንሹ ልጄ የተወለደው ያለ ጊዜው ነው። ሦስት ሳምንት ማሞቂያ ውስጥ ከርሟል። እኔ በመስታወቱ በኩል ስመለከተው ስውል፣ እናቴ «አንተ የላሊበላው ጊዮርጊስ፣ ይሄን ልጅ አትርፍልኝ፤ ራሴ ይዤው መጥቼ ጥላ አስገባልሃለሁ» ብላ ተስላለች። ልጁ ተረፈ፤ አሁን ሶፋ ላይ የሚዘል የአምስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ስለቱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ቆየ። በመኪና እንዳንሄድ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ያን ያህል መቀመጥ አይችልም። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወስዶ ከሰዓት በኋላ የሚመልስ የአውሮፕላን ጉዞ አገኘሁ። ፓኬጁ መኪና፣ አስጎብኚና ምሳ አለው። የሆቴል ወጪ የለም፣ ፈቃድ መጠየቅ የለም፣ እሁድ ቤታችን ነን። አምስት ትኬት ቆረጥኩ፦ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ እኔና ሁለቱ ልጆች።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። «በአንድ ቀን ላሊበላን ይጎብኙ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ደመወዝ የምበላ ሰው ነኝ። ቢሆንም ገዢ ስሆን እንደ ማንኛውም ሰው ተሸወድኩ።

ስምንት ደቂቃ

ሒሳቡን ከእኔ ጋር ሥሩት። የዚያን ቀን አውሮፕላናችን ያረፈው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በታች፣ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ዳገት ይወጣል። ሻንጣ ይጠበቃል፣ የቀሩት የቡድኑ ሰዎች ይጠበቃሉ። የመግቢያ ትኬት ቆርጠን የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስንቆም 4:30 ሆኗል። አብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለምሳ ይዘጋሉ። ልክ ሲከፈቱ እኛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እንነሳለን። ለ11 አብያተ ክርስቲያናት የቀረን ዘጠና ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ።

ስምንት ደቂቃ ውስጥ ጫማ ማውለቅና ማጥለቅም አለ። ጉልበቷን የሚያማት የ66 ዓመት ሴት ጫማዋን በየበሩ ስታወልቅና ስታጠልቅ ካላያችሁ፣ ስምንት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ አታውቁም።

ቤተ መድኃኔዓለምን ከዓምዶቹ መካከል በጥድፊያ አቋረጥነው። ከአንድ አለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው ይባላል፤ ርዝመቱ ከ33 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ ግን እንደ አቋራጭ መንገድ ተጠቀምንበት። ቤተ ማርያም ገባን፤ ልጄ ጣሪያው ላይ ያለውን ሥዕል ቀና ብላ ማየት ስትጀምር እጇን ይዤ ጎተትኳት። ሌሎቹን አስጎብኚው በጣቱ እየጠቆመ ነገረን። ከዚያ በመኪና ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ተወሰድን። አፋፉ ላይ ስንቆም 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

ቤተ ጊዮርጊስን በፎቶ ታውቁታላችሁ፦ መስቀል ቅርጽ ያለው ጣሪያ፣ ዙሪያው ጉድጓድ። ፎቶው የማይነግራችሁ ነገር ወደ ታች መውረጃው በጠባብ የአለት ቦይ በኩል መሆኑን ነው፤ ጥልቀቱም 12 ሜትር ገደማ ነው። እናቴ ጥላውን እንደታቀፈች ወደ መውረጃው ስትሄድ አስጎብኚው «እማማ፣ እርስዎ እስኪወርዱ ይዘጋል» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ነው። «እኔ ልውሰድልዎትና ለካህኑ ላስረክብ» ብሎም ለመናት።

«ስለት በመልእክተኛ አይደርስም» አለችው።

አፋፉ ላይ ቆማ አማተበች። ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ መኪና፣ ከዚያ አውሮፕላን። ጥላው ከእግሯ ሥር ተኝቷል። ደመናው ላይ ስንወጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ «አየሁት» አለች፤ ትንሽ ቆይታም «ግን አልተሳለምኩትም።»

ደንበኛ አስተያየት መስጫ ላይ እንዲህ ቢጽፍልኝ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም ነበር።

ሌሊት የሚሠራ ከተማ

ከዚያ በኋላ ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩት። ስህተታችን የሰዓት እጥረት ብቻ አልነበረም፤ የሰዓት ምርጫም ነው። ላሊበላ በ3 ሰዓት ተከፍቶ በ11 ሰዓት የሚዘጋ ሙዚየም አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመመዝገቡ በፊት ለስምንት መቶ ዓመታት ገደማ ሰዎች ሲጸልዩበት የኖሩ ቦታ ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። የዚህ ኑሮ ዋናው ክፍል ደግሞ የሚካሄደው ጎብኚ በሌለበት ሰዓት ነው። ማሕሌቱ ሌሊት ነው። ቅዳሴው በጾም ወቅት ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ በሌላው ጊዜና በእሁድ የሚጀመረው ገና ሳይነጋ ነው። ከ3 እስከ 8 ሰዓት የደረሰ ሰው የሚያገኘው በሁለት ፈረቃ መካከል ያለውን እረፍት ነው።

የአካባቢው ሰዎችም ይህን በራሳቸው መንገድ ሲናገሩ ኖረዋል። ቀን ቀን ሰዎች ይፈለፍላሉ፣ ሌሊት መላእክት ይቀጥላሉ፤ ጠዋት ሠራተኞቹ ሲመለሱ ሥራው እጥፍ ሆኖ ያገኙታል ይባላል። ቤተ አባ ሊባኖስን ደግሞ የንጉሡ ባለቤት መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ በአንድ ሌሊት አሠራችው ይላሉ። ይህን ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ስነግራት «እኛ የሄድነው ሰዎቹ በሚሠሩበት ሰዓት ነዋ» አለችኝ። ነው።

ጥር ላይ እንደገና ሄድን። ያው ቅዳሜ፣ ያው አምስት ሰው፣ ያው ጥላ። የተለወጠው የመመለሻው ቀን ብቻ ነው፦ እሁድ ከሰዓት።

አንድ ሌሊት ብቻ መጨመር ቀኑን እንዴት እንደሚለውጠው ልንገራችሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀጥታ ወደ ሆቴል ሄደን ሻንጣ አስቀመጥን። ከተማው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ለምትኖሩት ብዙ ባይከብዳችሁም ዳገቱ ያስተነፍሳል፣ ልጆች ትንሽ ሲያርፉ ደስ ይላቸዋል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ማር፣ እህል፣ ዶሮ፣ አህያ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ልጆቼ አህያዎቹን ሲያዩ አብያተ ክርስቲያናቱን ረሱ፤ እኔም አላስቸኮልኳቸውም። እናቴ ማር ቀምሳ፣ ተከራክራ፣ አልገዛም ብላ ሄዳ፣ ተመልሳ ገዛች። እንዲህ ዓይነት ግብይት ራሱ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በፓኬጁ ሒሳብ ሦስት ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው።

ከምሳ በኋላ፣ በሮቹ በ8 ሰዓት ሲከፈቱ፣ ከዮርዳኖስ ወንዝ ማዶ ወዳሉት ሄድን፦ አማኑኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አባ ሊባኖስ፣ ገብርኤል ወሩፋኤል። በእነዚህ መካከል ሲኦል የሚባል ጨለማ መተላለፊያ አለ። መብራት ሳይበራ፣ ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሱ ማለፍ ነው ሥርዓቱ። ስልኬን ላበራ ስል ልጄ «እማ አጥፊው!» ብላ ጮኸችብኝ። ትንሹ የአባቱን ሱሪ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ነው የወጣው፤ ወጥቶም «እንደገና» አለ። እንደገና ገባን። ቸኩሎ የሚጠብቀን ሰው አልነበረም።

ወደ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ትኬት ቆራጮቹ ሲሄዱ፣ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ተመለስን። እዚህ ጋ ወላጆችን አንድ ነገር ላስጠነቅቅ፦ እኛ የቆምንበት ጠርዝ አጥር የለውም፤ የልጆቻችሁን እጅ ያዙ፣ ፎቶውን ሌላ ሰው ያንሳ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ አለቱ ላይ የበቀለው ሽበት ብርቱካናማ ይሆናል። ነጭ ነጠላ የለበሱ ሦስት አሮጊቶች ከታች ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው ይጸልያሉ። ሌላ ድምፅ የለም። እናቴም አልወረደችም፤ «ነገ» አለች። ነገ የሚባል ነገር ስላለን ማንም አልተጨነቀም።

ማታ መብራት ጠፋ። ሆቴሉ ይቅርታ ጠየቀ፣ እኛ ደግሞ አመሰገንን፤ ልጆቼ የቦሌን ሰማይ ብቻ ነው የሚያውቁት፣ እንዲህ ያለ ኮከብ አይተው አያውቁም። ብርድ ልብስ ተከናንበን በረንዳው ላይ ቁጭ አልን። እናቴ ልጁ ማሞቂያ ውስጥ የነበረበትን ሦስት ሳምንት፣ ከዚህ በፊት አውርታልኝ የማታውቀውን፣ ሌሊት ሌሊት ቤቷ ሆና ምን ታደርግ እንደነበር ነገረችኝ። ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም። ግን አዲስ አበባ ሆነን ይህን ወሬ ለማውራት አምስት ዓመት አልበቃንም ነበር።

ጥላው

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ለልጆች ጃኬትና ኮፍያ ያዙ፣ ካልሲም ደራርቡ። ካልሲው ለብርድ ብቻ አይደለም፤ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ ሊኖር ይችላል፣ ይህን አስጎብኚ ፓኬጅ አይነግራችሁም።

መንገዱ ጨለማ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። ከየጉራንጉሩ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ይወጣሉ፣ ሁሉም ወደ ታች ይሄዳል። አንዲት የማላውቃት ሴት ምንም ሳትል የእናቴን ክንድ ያዘች፤ እናቴም እንደ እህቷ ተደገፈቻት። መውረጃው ላይ ለመድረስና ቦዩን ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። እየቆመች፣ ግድግዳውን በእጇ እየነካች ወረደች። ጊዮርጊስ ራሱ በፈረስ መጥቶ «ለእኔ ሳትሠራልኝ?» ብሎ ንጉሡን እንደወቀሰ ይነገራል፤ የፈረሱ ኮቴ ነው የሚባል ምልክት አለቱ ላይ ይታያል። ልጆቹ በባትሪ ፈለጉት፤ አገኙትም።

ውስጡ ጠባብ ነው፤ ብዙው ሰው ግቢው ውስጥ ቆሞ ያስቀድሳል። ከላይ የአለቱ አፋፍ ጥቁር ነው፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ ብርሃን ይወጣል። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ንጋትን ማየት ከላይ ወደ ታች እንደሚፈስ ውኃ ነው። ትንሹ ልጄ ነጠላ ላይ ተኝቶ አመለጠው። ልጅቷ ግን ቆማ ነበር፤ ቀን አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አምስት ደቂቃ የማትቆም ልጅ።

ቅዳሴው ሲያልቅ አንድ አባት መጡ። እናቴ ሽፋኑን ፈታች። «ለዚህ ልጅ ነው» ብላ የተኛውን ጠቆመች። አባ ጥላውን ተቀብለው ዘረጉት፣ ወርቃማውን ዘርፍ አራገፉት፣ ከዚያ ልጁን በመስቀላቸው ባረኩት፤ አልነቃም። እናቴ መቃኑን ተሳለመች፤ ግንባሯን አለቱ ላይ አሳርፋ ረጅም ጊዜ ቆየች። እኔ ሰዓቴን አላየሁም።

ጠዋቱን ባለፈው ጊዜ ወደሮጥንባቸው ሰሜናዊ አብያተ ክርስቲያናት ተመለስን። ቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ዓምድ አለ፤ ያለፈውና የሚመጣው ተጽፎበታል ይባላል፣ ማንም አይገልጠውም። ልጄ በዚህ ጉዳይ ለግማሽ ሰዓት ዲያቆኑን በጥያቄ አስጨነቀችው። ንጉሡ የተቀበረበት ነው ወደሚባለው ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም፤ ባለቤቴና ልጄ ገብተው ወጡ፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጹትን ቅዱሳን ልጁ ለእኛ በአቋም አሳየን። አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከሉትን ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ብዙ ሰው አይወዳቸውም። እኔም አልወደድኳቸውም፤ ከዝናብ ሊጠብቁ ነው የተሠሩት፣ ለፎቶ ግን ጠላት ናቸው።

ብሩን በተመለከተ

«ሆቴል ይጨምራል» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ያለው ይህንኑ ነው። ግን ከዚህ ጉዞ ትልቁ ወጪ አውሮፕላኑ ነው፤ ዘጠና ደቂቃ ቆያችሁም ሠላሳ ሰዓት ያው ነው። እኔ ሁለቱን ደረሰኞች አስተያይቻለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ በደቂቃ ሲካፈል በሕይወቴ የከፈልኩት ውዱ ነገር ነው፤ ለዚያውም ጥላውን አላስገባም።

የሚያድር ሰው ብሩን የት እንደሚተው ደግሞ አስቡት። የቀን ጎብኚ ለአየር መንገድ፣ ለመኪናና ለትኬት ከፍሎ ይመለሳል። ያደረ ግን እራት ይበላል፣ ቁርስ ይበላል፣ ጠጅ ቤት ይገባል፣ በቅሎ ይከራያል፣ ማር ተከራክሮ ይገዛል። ላሊበላ በእንግዳ የሚኖር ከተማ ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጀምሮ፣ ከዚያም በጦርነቱ፣ እንግዳው ጠፍቶበት የቆየ ከተማ። ሆቴላችን ምግብ ቤት ውስጥ ብዙ ወንበር ነበር፤ የተያዘው ግን ሦስት ጠረጴዛ ነው። አስተናጋጁ «አድራችሁ ነው የምትሄዱት?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀን። በሌላው ዓለም የቀን ጎብኚ የበዛባቸው ከተሞች አሉ፤ ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ2024 በተወሰኑ ቀናት ሳያድር ከሚመለስ ጎብኚ 5 ዩሮ መቀበል ጀመረች፣ ከተማዋ ውስጥ የሚያድር ግን ይህን አይከፍልም። እዚህ እስከዚያ አልደረስንም፤ ቢያንስ ግን ለእኛው ብለን እንደር።

ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታና የበረራ ፕሮግራሙን ለሆቴሉ ደውላችሁ ጠይቁ፤ እዚያ ያለ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ለገና ከሆነ የምትሄዱት ክፍል ከወራት በፊት ያዙ፤ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ይወጣል፣ እናታችሁም እንደ እናቴ ቀስ ብላ መውረድ አትችልም። ክረምት ላይ አለቱ ያንሸራትታል። ለትንንሽ ልጅና ለአረጋዊ የሚመቸው ተራ ቅዳሜና እሁድ ነው፦ ቅዳሜ ገበያውን፣ እሁድ ቅዳሴውን።

ሳሎኑ ጥግ አሁን ባዶ ነው። እናቴ ግን አንድ ነገር አስጎብኚው ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ላይ ሲጠቁማት አይታለች፦ አሸተን ማርያም። በበቅሎ ይወጣል ብሏታል። ባለፈው እሁድ ቡና ስንጠጣ «በቅሎ ለጉልበት ደግ ነው» አለች፣ ለማንም ሳትናገር፣ ወደ ሲኒው እያየች። ለእሱ ሁለት ሌሊት ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።